ከተጋጨ የድሮ መኪና ተሳቢ መሥራት፦ ከአራቱ መንገዶች የትኛው ይሻላል?

ፊቷ ተጨፍልቆ ጀርባዋ የተረፈ የድሮ መኪና ሲያይ፣ የሰው ዓይን ወዲያው የሚያርፈው በኋላ መብራቶቿ፣ በክሮም ጌጧና በፖርታ ባጋሊዋ ክዳን ላይ ነው። ይህ ግማሽ አካል ተሳቢ ሆኖ በሌላ መኪና ሲጎተት ምን ያህል እንደሚያምር መገመት አያዳግትም። ይሁን እንጂ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ የሚከተልና ጭነት የሚችል ተሳቢ የሚሠራው ከሚታየው ላሜራ ሳይሆን ከሥር ካለው ሻንሲ (ክብደቱን ከሚሸከመው የብረት አጽም)፣ የግራና የቀኝ ጎማዎችን ከሚያገናኘው አክስልና ከመጎተቻው ዘንግ ነው። በዚህም ምክንያት ይህ ንጽጽር ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ሲሆን፣ ስለ ውበት የሚናገረው ሌላው ሁሉ ከተወሰነ በኋላ ነው።

በፊታችን አራት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው፣ ራሱን የቻለ ሻንሲ ያላትን መኪና የኋላ ክፍል ከነሻንሲውና ከነአክስሉ ቆርጦ መጠቀም ነው። ሁለተኛው፣ ሻንሲ የሌላትንና አካሏ ራሱ ክብደቱን የሚሸከምላትን መኪና ቆርጦ ከሥር ማጠናከር ነው። ሦስተኛው፣ አካሉን ትቶ አክስሉን ወይም የእግሩን ክፍል ብቻ በመውሰድ በላዩ አዲስ የጭነት ሳጥን መሥራት ነው። አራተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የድሮውን አካል ብቻ ወስዶ ለተሳቢ ተብሎ በተሠራ አዲስ ሻንሲና አክስል ላይ ማልበስ።

መጀመሪያ መኪናዋን መመርመር

ከፊት የተጋጨች መኪና ለዚህ ሥራ ከሁሉ የተመቸች ናት፤ የግጭቱ ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ስለሚያልቅ የምንፈልገው ክፍል ሳይነካ ሊተርፍ ይችላል። ከኋላ የተመታችው ግን መብራቷ ቢቀየርና ላሜራዋ ቢቃና እንኳ የባሌስትራ (ክብደቱን እየተጣጠፈ የሚሸከም ባለ ብዙ ቅጠል ብረት) ማሰሪያዎቿ ተዛንፈው ሊሆን ስለሚችል፣ ከአካሏ ይልቅ የመለዋወጫ ዕቃዎቿ ቢሸጡ ይሻላል። የተገለበጠች መኪና በሁለቱ መካከል የምትገኝ ስትሆን ያለ ልኬት ስለ እርሷ መናገር አይቻልም።

ልኬቱ ውስብስብ አይደለም። በሻንሲው የመሐል መስመር ላይ ከፊት በኩል አንድ ነጥብ ተመርጦ፣ ከዚያ እስከ ግራና ቀኝ የኋላ ጎማ መሐል ያለው ርቀት ይለካል። ሁለቱ ልኮች ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ወይ አክስሉ ተንሸራትቷል ወይ ሻንሲው ተጣሟል፤ እንዲህ ያለ ተሳቢ እንደ ሸርጣን በጎን እየተጎተተ ጎማ ይበላል። ይህ ሕግ ግን አንድ ታዋቂ ልዩ ሁኔታ አለው፦ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የተመረተችው ሬኖ 4 የኋላ እግሮቿን የሚሸከሙት ተጠምዛዥ ዘንጎች ከጎን ወደ ጎን፣ አንዱ ከሌላው በስተኋላ ስለተዘረጉ፣ የአንዱ ጎን የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት ከሌላው ጎን በ5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበልጣል። ይህን ሳያውቅ የለካ ሰው ጤነኛዋን መኪና ተጣማለች ብሎ ሊጥላት ወይም፣ ከዚያ የባሰው፣ ሊያቃናት ሊሞክር ይችላል።

ልኬቱ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ዝገት ነው። ቀለም፣ ስቱኮና የወለል ምንጣፍ ብዙ ስለሚሸፍኑ፣ የባሌስትራና የአሞርዛቶር (የዝላይ ማብረጃ) ማሰሪያዎች ዙሪያ በጠመንጃ መፍቻ ተወግቶ መሞከር አለበት። መፍቻው የገባበት ቦታ ብየዳ አይቀበልም።

ሻንሲ ያላት መኪና፦ ቀላሉ ግን ከባዱ መንገድ

ፒክአፖች፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የጀመሩት ላንድ ሮቨሮች እና በ1950ዎቹ የተሠሩ ብዙ የአሜሪካ መኪኖች አካላቸው በብሎን የታሰረበት ራሱን የቻለ ሻንሲ አላቸው። እንዲህ ያለችው መኪና ስትቆረጥ የኋላው ክፍል ብቻውን ሊቆም የሚችል ነገር ሆኖ ይቀራል፤ ባሌስትራው፣ አክስሉና የጭነት ሳጥኑ ሁሉም ፋብሪካው ባስቀመጣቸው ቦታ ላይ እንዳሉ ናቸው። ሥራው ወደ አንድ ትልቅ ጥያቄ ይጠቃለላል፤ እርሱም የመጎተቻውን ዘንግ ከሻንሲው ጋር እንዴት እንደምናያይዘው ነው።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሕተት ሻንሲውን ከጭነት ሳጥኑ ፊት ልክ ቆርጦ አዲሱን ብረት ጫፍ ለጫፍ መበየድ ነው። ትክክለኛው አሠራር የሻንሲውን ሁለት ብረቶች ከካቢኑ ሥር የሚቻለውን ያህል ማስረዘም፣ የመጎተቻውን ቱቦላሬ ወደ ውስጥ ወይም በጎን አስገብቶ መደራረብ፣ ከዚያም በወፍራም ላሜራና በብሎን ማሰር ነው። ከተበየደም ብየዳው የሻንሲውን የላይና የታች ከንፈር በአግድም እንዳያቋርጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ከፍተኛ ውጥረት የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ ስንጥቅም የሚጀምረው እዚያው ነው። ባሌስትራ ደግሞ በሙቀት የተጠነከረ ብረት በመሆኑ በምንም ምክንያት አይበየድም።

የዚህ መንገድ ድክመት ክብደቱና የባሌስትራው ጥንካሬ ነው። ግማሽ ቶን እንዲሸከም የታሰበ ባሌስትራ ከላዩ ባዶ ሳጥን ብቻ ሲቀርለት አይተጣጠፍም፤ ተሳቢው በየጉድጓዱ ይዘላል። ከባሌስትራው አንድ ወይም ሁለት ቅጠል መቀነስና የጎማውን ንፋስ ዝቅ ማድረግ ይረዳል። አሞርዛቶሩን አላስፈላጊ ነው ብሎ ማውጣት ግን ዝላዩን ያብሰዋል።

በዚህ ምድብ ውስጥ ለየት የሚለው እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1964 በሼቭሮሌት ትላልቅ መኪኖች የነበረው የኤክስ ቅርጽ ሻንሲ ነው። ሁለቱ ብረቶች ወደ መኪናዋ መሐል ሲመጡ ስለሚቀራረቡ፣ የኋላው ግማሽ በተፈጥሮው ወደ መጎተቻ የሚጠብብ ቅርጽ ይይዛል። በአንጻሩ ከካቢኑ ጎንና ጎን የሚሄድ ብረት ስለሌለው፣ የአካሉ ጫፎች ሲቆረጡ ያለ ድጋፍ ይንጠለጠላሉ።

አክስሉ ውስጥ ያለው ልዩነት

በአራቱም መንገዶች መካከል ምርጫን የሚቀይረው፣ ብዙዎች ግን ዘግይተው የሚያውቁት ጉዳይ ይህ ነው። ከኋላ የሚገፋ መኪና አክስል የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍል ዲፈረንሻል አለው፤ ተሳቢው ደግሞ ዲፈረንሻል አያስፈልገውም። ታዲያ የውስጡን ዘንጎች አውጥቶ መገላገል ይቻላል ወይ?

መልሱ ጎማውን የሚሸከመው ምንድን ነው በሚለው ላይ የተመሠረተ ነው። በላንድ ሮቨርና በብዙ የጭነት መኪኖች ጎማው የተቀመጠው በአክስሉ ቱቦ ጫፍ ላይ በሁለት ኩሽኔታ በሚዞር ማቀፊያ ላይ ሲሆን፣ የውስጡ ዘንግ ኃይል ከማስተላለፍ በቀር ምንም አይሸከምም። ዘንጉ ተስቦ ይወጣል፣ ቀዳዳው በክዳን ይደፈናል፣ ኩሽኔታው በግራሶ ይሞላል፤ በዚህም ጎማው ያለ ዲፈረንሻሉ ጣልቃ ገብነት በነፃነት ይዞራል። በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ግን ጎማው የታሰረው በዘንጉ ጫፍ ላይ ነው። ዘንጉ ከወጣ ጎማውም አብሮ ይወጣል። በአንዳንዶቹማ ዘንጉን ከውስጥ የሚይዘው ቀለበት ያለው ዲፈረንሻሉ መሐል ስለሆነ፣ ዲፈረንሻሉን ያለ ዕውቀት ያራገፈ ሰው ጎማው መንገድ ላይ ሲለየው ያየዋል።

እንዲህ ያለ አክስል ያላት መኪና ከሆነች የተሻለው ነገር ሁሉን እንደነበረ መተው ነው። ዲፈረንሻሉ በከንቱ ይዞራል፣ ጥቂት ነዳጅ ይበላል፣ ክብደትም ይጨምራል፤ ነገር ግን አይጎዳም። ዘይቱን «ሥራ የለውም» ብሎ ማፍሰስ ግን አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም በብዙ አክስሎች የጎማው ኩሽኔታ የሚለሰልሰው በዚያው ዘይት ነው። ዋናው የማዞሪያ ዘንግ ይታሰርበት የነበረው ጫፍ ደግሞ ውኃና አቧራ እንዳይገባበት መሸፈን አለበት።

አካሏ ራሱ ተሸካሚ የሆነች መኪና

በእነዚህ መኪኖች ጣሪያው፣ ወለሉ፣ ከበሮቹ ሥር ያለው ሳጥንና ምሰሶዎቹ ተባብረው ክብደቱን ይሸከማሉ። ሲቆረጡ ትብብሩ ይፈርሳል፤ የሚቀረው ጫፉ እንደተከፈተ የካርቶን ሳጥን በየጎኑ የሚታጠፍ ነገር ነው። ስለዚህ የመጎተቻውን ኃይል ከወለሉ ላሜራ ጋር በብየዳ ማያያዝ ጨርሶ የማይታሰብ ሲሆን፣ ከመጎተቻው ተነሥቶ እስከ ባሌስትራ ወይም ሞላ ማሰሪያዎች የሚደርሱ ሁለት ረጃጅም ቱቦላሬዎች ከሥር መዘርጋት አለባቸው። የአካሉ ላሜራ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ፣ ከወፍራም ብረት ጋር ሲበየድ ይቃጠላል፤ በመካከሉ ሰፋ ያለ መደገፊያ ሳህን ማስገባት የግድ ይሆናል።

በእኔ ግምት ይህ ከአራቱ መንገዶች አድካሚው ነው። ሥራው ሲያልቅ ከሥር ሙሉ ሻንሲ ተሠርቷል፤ ሻንሲ ከተሠራ ደግሞ የአሮጌው አክስል ጣጣ ለምን እንደተያዘ መጠየቅ ተገቢ ነው። መንገዱን ትርጉም የሚሰጠው አንድ ሁኔታ ቢኖር፣ የኋላው እግር በሙሉ በብሎን በሚፈታ ንዑስ ሻንሲ ላይ የተቀመጠባት መኪና ስትገኝ ነው።

አክስሉን ብቻ መውሰድ

እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 2000 የተመረተችው የመጀመሪያዋ ሚኒ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። የኋላ እግሮቿ፣ በሞላ ፈንታ የሚያገለግሉት ከላስቲክ የተሠሩ ሾጣጣዎቿና የፍሬን ታምቡሮቿ በአንድ ንዑስ ሻንሲ ላይ ስላሉ ጥቂት ብሎኖች ተፈትተው ሙሉው ይወጣል። ቀላል ናት፣ ዲፈረንሻል የላትም፣ ዝቅ ብላ ትሄዳለች። ነገር ግን ይህ ንዑስ ሻንሲ በዝገት የታወቀ ነው፤ የቀደሙት ሞዴሎች 10 ኢንች የሆነ ትንሽ ቸርኬም በፍጥነት መንገድ ላይ ብዙ ስለሚዞር ኩሽኔታውን ያሞቃል።

ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተችው ቮልስዋገን ቢትል የምትጠቅመው በተቃራኒው ጫፏ ነው። ሞተሯና ማርሽ ሳጥኗ ከኋላ ስለሆኑ የኋላ አክስሏ ለተሳቢ አይመችም፤ የፊቱ ግን ሁለት ትይዩ ቱቦዎች ያሉትና በአራት ብሎን የሚፈታ ራሱን የቻለ ክፍል ነው። ይህን የሚጠቀም ሰው መሪው ሙሉ በሙሉ እንዲቆለፍ ማድረግ አለበት። የመሪውን ዘንጎች ከቱቦው ጋር በጠንካራ ማሰሪያ ማያያዝና ሁለቱ ጎማዎች ትይዩ መሆናቸውን በልኬት ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የፊት እግር ስለሆነ የእጅ ፍሬን እንደሌለውም ማስታወስ ይገባል። ሲትሮን 2ሲቪ ደግሞ የፊትና የኋላ እግሮቿ በየጎኑ በአንድ የሞላ ሲሊንደር የተገናኙ ስለሆኑ፣ የኋላውን ብቻ የወሰደ ሰው የሞላውን ሌላ ጫፍ የሚያስርበት ቦታ ራሱ መፍጠር ይኖርበታል።

የድሮ አካል በአዲስ ሻንሲ ላይ

ይህ መንገድ በመጀመሪያ ሲታይ ውድና «ማጭበርበር» የተቀላቀለበት ይመስላል። ቢሆንም ለተሳቢ ተብሎ የተሠራ አክስል የመሸከም አቅሙ በላዩ ተጽፎ ይመጣል፣ ኩሽኔታው በቀላሉ ይገኛል፣ ፍሬን ካስፈለገም ለተሳቢ የታሰበ ፍሬን አለው። ዝገት የበላው የሥር ክፍል ሁሉ ተቆርጦ ስለሚጣል፣ ለሌሎቹ መንገዶች የማትሆን መኪና ለዚህ ልትበቃ ትችላለች። አሮጌው አካል ጌጥና መሸፈኛ ብቻ ይሆናል።

የሚከብደው ልክ ማገናኘቱ ነው። አክስሉ ሲታዘዝ የጎማዎቹ ስፋት ከድሮው አካል ፓራፋንጎ ጋር እንዲገጥም በሚሊ ሜትር መነገር አለበት። ጠባብ ከሆነ ተሳቢው እግሩ እንደሸሸ ሆኖ ይታያል፤ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ጭነት ሲበዛ ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካል። አካሉ እንደ ላንድ ሮቨር አሉሚኒየም ከሆነ በብረት ሻንሲው ላይ በቀጥታ መቀመጥ የለበትም፤ ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ባለበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ የጎማ ወይም የፕላስቲክ መለያ በመካከል ይገባል።

ሻንሲ የሌላት መኪና ላለችውና ተሳቢውን ለረጅም መንገድ ለሚፈልገው ሰው የምመክረው ይህን ነው።

ሚዛኑን የሚወስነው የጎማው ቦታ

በተለምዶ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት 10 በመቶ ያህሉ በመጎተቻው ኳስ (ተሳቢው በሚታሰርበት በጎታቿ መኪና ኋላ ያለ ክብ ብረት) ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ የጎታቿ መኪና አምራች ያስቀመጠው ጣሪያ ግን ከዚህ ይቀድማል። ከኳሱ እስከ አክስሉ 3 ሜትር የሆነና 600 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሳቢ የክብደቱ መሐል ከአክስሉ 30 ሴንቲ ሜትር ወደፊት ቢሆን፣ በኳሱ ላይ 60 ኪሎ ግራም ያርፋል። ያው መሐል ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ቢቀርብ የሚያርፈው 20 ኪሎ ግራም ብቻ ሲሆን፣ ተሳቢው በፍጥነት ጊዜ ጅራቱን መወዝወዝ ይጀምራል።

የመኪና ጀርባ ለዚህ ሕግ አይመችም። ፖርታ ባጋሊ የሚገኘው ከኋላ አክስል በስተኋላ ነው፤ ስለዚህ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ላይ የተቆረጠች መኪና ጭነቷ ሁሉ ከጎማው ኋላ ይሆንና አፍንጫዋ ወደ ላይ ይነሣል። አካሉን በአዲስ ሻንሲ ላይ ያለበሰ ሰውም ከዚህ አያመልጥም፤ የጎማውን ቦታ የሚወስነው የፓራፋንጎው ቅስት ነውና። መፍትሔው ወደፊት ራቅ ብሎ መቁረጥ፣ የኋላ ወንበሩን ቦታ ለጭነት ማትረፍ፣ ተለዋጭ ጎማውንና የመሣሪያ ሳጥኑን በመጎተቻው ዘንግ ላይ ማስቀመጥ ነው። የመጎተቻውን ዘንግ ማስረዘም ተሳቢውን ያረጋጋል፣ ወደኋላ መንዳትንም ያቀልላል፤ በኳሱ ላይ የሚያርፈውን ክብደት ግን አይጨምርም፣ እንዲያውም ይቀንሳል። በፒክአፕ ሳጥን ሥር አክስሉ ወደ መሐል ስለሚጠጋ ጭነቱን በማደላደል ብቻ ሚዛኑ ይስተካከላል፤ የጎማውን ቦታ ሙሉ በሙሉ በእጁ የሚያደርገው ግን አክስሉን ብቻ የወሰደው ነው።

ፍሬን፣ መብራትና ኳስ

በአውሮፓ ሕግ ጠቅላላ ክብደቱ እስከ 750 ኪሎ ግራም የሆነ ተሳቢ ያለ ፍሬን ሊጎተት ይችላል፤ ሌሎች አገሮች የየራሳቸው ወሰን አላቸው። የአሮጌውን አክስል ፍሬን፣ ጎታቿ ስታዘግም ተሳቢው በሚፈጥረው ግፊት በሚሠራ መጎተቻ ማንቀሳቀስ የሚቻል ቢሆንም፣ የመኪና ፍሬን ወደኋላም ስለሚይዝ ተሳቢው ወደኋላ ሲገፋ ራሱን ይቆልፋል። ይህን የሚከለክል በኋላ ማርሽ መብራት የሚታዘዝ መዝጊያ ይጨመራል፣ አለበለዚያ ለተሳቢ የተሠራ ፍሬን ይገዛል። ፍሬን ባይፈለግም እንኳ የኋላ አክስሉን የእጅ ፍሬን ሽቦ አለመጣል ብልህነት ነው።

እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ አጋማሽ በተሠሩ ብዙ የአውሮፓ መኪኖች መብራቱ የ6 ቮልት ነበር፤ አምፖሎቹ ወደ 12 ቮልት ካልተቀየሩ ወዲያው ይቃጠላሉ። ለመብራቱ የሚያስፈልገው የመሬት ሽቦም ለብቻው መሳብ አለበት፤ ግራሶ የተቀባ ኳስ ጥሩ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ኳሱን በተመለከተ፣ 50 ሚሊ ሜትሩና 2 ኢንቹ፣ ማለትም 50.8 ሚሊ ሜትሩ፣ በዓይን አይለዩም፤ ለትልቁ የተሠራ መያዣ በትንሹ ላይ ሲቀመጥ ግን ልቅ ይሆናል። የቀደሙትን ቢትሎች የመሰለ፣ 5 ብሎኖቹ 205 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ የተደረደሩ ቸርኬ ከጎታቿ መኪና ጋር ስለማይጋራ የራሱ ተለዋጭ ጎማ ያስፈልገዋል።

ከመቁረጥ በፊትና ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ

የነዳጅ ታንኩ ባዶም ቢሆን በውስጡ ያለው ትነት ስለሚፈነዳ፣ ከማንኛውም ብልጭታ በፊት ከነቱቦው ወጥቶ ከሥራው ቦታ መራቅ አለበት። በድሮ መኪኖች የአካል መገጣጠሚያዎች በእርሳስ ይሞሉ ነበር፤ ሲፋቁ የሚወጣው አቧራ መርዝ ነው። የአሮጌ ፍሬን ሸራም አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በንፋስ አይጸዳም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ብዙ መቁረጥ የሚጠይቀው ሁለተኛው መንገድ በዚህም ከሌሎቹ ይከፋል፤ አክስሉን ብቻ የሚወስደው አብዛኛውን ሥራውን በመፍቻ ይጨርሳል። የሻንሲ ቁጥሩ የታተመበትን ብረት ከመቁረጥ አስቀድሞም የተሽከርካሪ ምዝገባ ክፍሉ ለተሳቢው አዲስ ቁጥር የሚሰጥበትን ሁኔታ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ተሳቢው በመጀመሪያ ሲወጣ ግማሽ ጭነት ይዞ በዝግታ ቢሄድ ይበቃል። ከ50 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ቆሞ የጎማዎቹን ዳዶ እንደገና ማጥበቅ፣ ከዚያም በግራና በቀኝ የጎማ ማቀፊያዎችን በእጅ ጀርባ መፈተሽ ያስፈልጋል። ሁለቱም ለብ ካሉ ጥሩ ነው፤ አንዱ ብቻ እጅ የማያስይዝ ከሆነ ወይ ኩሽኔታው ከልክ በላይ ጠብቋል ወይ የፍሬን ሸራው ታምቡሩን ሳይለቅ ቀርቷል። ከፋብሪካ በመጣ አዲስ አክስል ላይም ቢሆን ይህ ፍተሻ አይዘለልም።